የተቆረጠው ዘንግ

አንድ የኩሬ ጠባቂ ነበረ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ ልጄ፤ «ቁጥሩ እውነት ከሆነ የክትባቱን ግራፍ ለሰው መላኬ ምን ጥፋት አለው?» ነው ያልሽኝ። ይህን ስመልስ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ደክሞኛል። ቢሆንም ስሚኝ።

የሰውየው ሥራ የአገሩን ኩሬ በዘንግ እየለካ በገበያ ቀን ለሕዝቡ መናገር ነበር። ኩሬው ስምንት ክንድ ይጠልቃል። አንድ ዓመት ዝናቡ ሳሳና ውኃው ግማሽ ክንድ ጎደለ። ጠባቂው ውኃ ቆጥቡ ብሎ ሦስት ገበያ ለፈለፈ። ዞር ብሎ ያየው የለም።

መናቅ ያንገፈግፋል። በአራተኛው ገበያ ከዘንጉ ላይኛው ጫፍ አንድ ክንድ ቆረጠ። ውኃ የነካውን ግማሹን ጥላሸት ቀባ፤ የደረቀውን ነጩን እንዳለ ተወው። ከዚያ ገበያው መሐል ተከለው። የቀረውን ሰባት ክንድ ቤቱ ጣራ ላይ ወርውሮት ነበር።

ያን ቀን ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ኩሬው ተጋመሰ ተባለ፤ ከብት በርካሽ ተቸበቸበ። አንድ ገበሬ ሁለቱን የእርሻ በሬዎቹን በበግ ዋጋ ሰጥቶ ተመለሰ። ጠባቂው ደንግጦ ነገሩ እንዲህ አይደለም ቢል የሰማው አልነበረም። ደህና ወሬ ሰው አያስቆምም።

የእርሻ ወቅት ሲደርስ ገበሬው ውኃ ሊቀዳ ወደ ኩሬው ገባ። ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ውኃው አንገቱ ደረሰ። እንደረጠበ ጠባቂው ቤት ሄደ።

«ዋሽተኸኛል?» አለው።

«አልዋሸሁም። የጎደለው ግማሽ ክንድ ነው፤ ያሳየሁህም ግማሽ ክንድ ነው።»

ገበሬው ቀና ብሎ ጣራው ላይ የተጋደመውን እንጨት አየ። «ታዲያ ይህን ለምን ደበቅኸኝ?»

ጠባቂው እንጨቱን ከጣራው አወረደ። በሬዎቹ ግን አልተመለሱም።

የላክሽው የክትባት ግራፍም እንዲሁ ነው። ከተከተቡት ሺህ ልጆች አምና ያተኮሳቸው ሰባት፣ ዘንድሮ ስምንት። ሠሪው ከግራፉ ዓምዶች ከስድስት በታች ያለውን ቆርጦ ጣለና የዘንድሮው የአምናውን እጥፍ ሆኖ ታየ። ቁጥሩማ ተጽፏል፤ ዓይን ግን የሚያየው ቁመቱን ነው። እኔም እንዲህ ያለ እንጨት ለሰው አሳይቼ አውቃለሁና አልፈርድብሽም። ብቻ ጎረቤትሽ ግራፉን አይታ ልጇን ሳታስከትብ ከጤና ጣቢያው ደጅ ተመለሰች ብለሽኛል። የቀረውን እንጨት ተሸክመሽ ዛሬውኑ ወደ እሷ ሂጂ። በሬዎቹ ተሸጠዋል፤ ሕፃኗ ግን ገና እናቷ ጀርባ ላይ ናት።