ነፋስ በቀዳዳ የገባባት ቤት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለቱን ለዛሬ ተዉልኝ። ተረቴ ላም የለበትም። ዛሬ «ባለ ጎማ ቤት» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ ወንዝና ነፋስ እንደ ሰው በሚያወሩበት ዘመን፣ ብረት እንኳ አፍ ነበረው። ሁሉም ይናገር ነበር። እውነቱን የሚናገር ግን ያኔም እንደ ዛሬው ጥቂት ነበር።

በዚያ ዘመን በቆላ አገር አየነውና ደብሪቱ የሚባሉ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። አየነው ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ፋኖስና ማንቆርቆሪያ ይሠራል፤ ደብሪቱ ከገበያ ገበያ እየዞረች ትሸጣለች። መሬት የላቸውም፣ አጥር የላቸውም። ያለቻቸው አንዲት ያረጀች የናፍጣ መኪና ናት። አልጋቸው እሷ ውስጥ ነው፣ ምድጃቸው እሷ ውስጥ ነው፣ መዝጊያና መስኮት አላት። ቤታቸው እሷው ናት። ስሟን አዝጋሚት ብለዋታል፤ ዳገት ላይ እንዴት እንደምትሄድ ከስሟ ተረዱት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዝጋሚት ሰፊ ደረቅ ወንዝ ስታቋርጥ፣ ልክ አሸዋው መሃል ላይ ስትደርስ፣ «እህ» አለች። «እህህ» አለች። ከዚያ ጸጥ አለች።

«ምን ሆንሽብኝ?» አለች ደብሪቱ መሪውን እንደያዘች።

«እንጃ እመቤቴ፣ ጉልበቴ ከዳኝ» አለች አዝጋሚት።

ይኼኔ ከሩቅ፣ ጥቁር ደመና ካጠላበት ከደጋው ተራራ፣ አንድ ድምፅ መጣ።

«ኩኩሉ!»

ወንዙ ነው። የዚያ አገር ወንዝ እንዲህ ነው፤ ቆላው ላይ ፀሐይ አናት እየበሳ ሳለ እሱ ደጋ ላይ ዝናቡን ጠጥቶ ይወርዳል። ግን ጨዋ ነው። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ እንደሚጣሩት ሦስት ጊዜ ሳይጣራ አይመጣም። ከሦስተኛው በኋላ ግን ማንንም አይምርም።

«አልነጋም!» አለች አዝጋሚት እየተንቀጠቀጠች።

«ደብሪቱ፣ ውረጂ እንጂ! በእግራችን እንውጣ» አለ አየነው።

«እኛስ እንወጣለን። ቤታችንስ? ከዚህ ወዲያ ማደሪያችን የት ነው?»

አየነው እጁን ወደ መሪው ሰደደ። ቁልፉን አዞረ። ድርርር አለ፣ አልነሣም። ደግሞ አዞረ። ድርርር አለ፣ አልነሣም።

ከቋጥኝ ሥር አንዲት አሮጊት ኤሊ አንገቷን ብቅ አደረገች። አዝጋሚትን ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ አየቻት፣ መስኮቷን አየች፣ መጋረጃዋን አየች። አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«የፈጣሪ ያለህ! ቤቱን ተሸክሞ አገር የሚዞር እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ። ይኼን ሁሉ ማን አሸከመሽ እህቴ?»

«ማን ያሸክመኛል፣ እማማ ኤሊ? እንዳንቺው ተፈጥሬበት ነው» አለች አዝጋሚት። «ዛሬ ግን ቆሜ ቀረሁ። አንቺ እንኳ ቶሎ ውጪ፣ ወንዙ እየተጣራ ነው።»

«ሰምቼዋለሁ። ከዚህ እስከ ዳር ለእኔ እግር የቀን መንገድ ነው። አንቺ ካልወጣሽ እኔም አልወጣ» አለች ኤሊ።

ነፋስ ሲሯሯጥ መጣ። ነፋስ የአዝጋሚት የልብ ወዳጅ ነው፤ በየሄደችበት መጋረጃዋን እያውለበለበ አብሯት ይሄዳል።

«ገብቶኛል! ትንፋሽ አጥሯት ነው!» ብሎ ጮኸ። «ነፋስ የሌለው ምን ነፍስ አለው? እኔ ልግባባትና ነፍስ ልዝራባት!»

ሁሉም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ነፋስም እፍ እያለ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ገባ። አዝጋሚት ይባስ ደከመች።

አየነው ጎንበስ ብሎ ሰልባትዮውን፣ የናፍጣዋን ጋን፣ አንኳኳ።

«አንተ ሰልባትዮ፣ ናፍጣ አለቀብህ እንዴ?»

«እስቲ ደግመህ ምታኝ። ባዶ ሆድ ይጮኻል፣ የጠገበ ሆድ አይጮኽም» አለ ሰልባትዮ።

አየነው መታው። ድው አለ፤ ሙሉ ነው። «ጥፋቱ የፊልትሮ ነው፤ ናፍጣ የሚያጠልለው እሱ ነው፤ ቆሻሻ አንቆት ይሆናል» አለ ሰልባትዮ።

«ኩኩሉ!» አለ ወንዙ ለሁለተኛ ጊዜ። አሁን ቀርቧል። አሸዋው ላይ ያሉት ጠጠሮች መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

«አልነጋም!» አለች አዝጋሚት።

ደብሪቱ ፊልትሮውን ፈታችው። «እዩኝ፣ ንጹሕ ነኝ» አለ ፊልትሮ። «ግን ሆዴ ጎዶሎ ነው። ከፖምፓ በኩል የሚደርሰኝ ናፍጣ ሳይሆን አረፋ ነው። እሱን ጠይቁት።»

ፖምፓ ትንሽ ነው፤ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ናፍጣውን ከሰልባትዮ ስቦ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ግን እሱ ነው። ሆዱ ውስጥ አንዲት ስስ የጎማ ቆዳ አለች። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ትላለች። አልጋውና ምድጃው፣ ባልና ሚስቱ፣ ፋኖስና ማንቆርቆሪያው ሁሉ ዳገት የሚወጡት በዚያች ስስ ቆዳ ጉልበት ነው። ይኼ ነገር እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«እኔ?» አለ ፖምፓ ደረቱን ነፍቶ። «እኔ ጤነኛ ነኝ። ዳብሱኝ፣ ደረቅ ነኝ፣ አንዲት ጠብታ አላፈስም።»

አየነው ዳበሰው። እውነትም ደረቅ ነው። «እንግዲህ ምን ቀረን?» ብሎ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ።

ደብሪቱ ግን የፖምፓ ድምፅ አልጣማትም። የሞተሩን የዘይት መለኪያ መዘዘችና አየችው። ዘይቱ ከልኩ በላይ ወጥቷል። አሸተተችው።

«አየነው፣ ና አሽት!»

«ናፍጣ ናፍጣ ይላል!»

«ናፍጣ ዘይት ቤት ምን ሊሠራ ሄደ? ወደ ውጭ ያላፈሰሰ ወደ ውስጥ አፍስሷል ማለት ነው። አፍ ይዋሻል እንጂ ዘይት አይዋሽም። ፖምፓ፣ ንገረን እስቲ።»

ፖምፓ አለቀሰ። «ቆዳዬ ተቀዷል። ካለፈው ገበያ ሳንደርስ ነው የተቀደደው። ከተናገርኩ አውጥታችሁ አሸዋ ላይ ትጥሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

«እንዴ!» አለ ነፋስ ከውስጥ። «ያ ቀዳዳ ነበር? እኔ በር መስሎኝ ስመላለስበት ሰነበትኩ!»

አየነው በቁጣ ተነሣ። «ልታሰምጠን ነበር እኮ፣ አንተ…»

«ተወው፣ ወንዝ እየመጣ ማን ይጣላል?» አለች ደብሪቱ። ወደ ቤቷ ገባች፣ አልጋው ሥር ተንበረከከች፣ ለክፉ ቀን ብላ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ያኖረችውን አዲስ ፖምፓ አወጣች። አዲሱ ፖምፓ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ነጋ እንዴ?» አለ።

«አልነጋም! ዝም ብለህ ፍጠን!» አሉት ሁሉም በአንድ አፍ።

አሮጌውን ፈቱት። ቧንቧውን ነቀሉ፣ ሁለቱን ብሎን አወጡ። አዲሱ ክንዱን አጥፎ ቆሞ፣ ጨለማውን የሞተር ሆድ እያየ ፈራ። ያን ጊዜ አሮጌው ፖምፓ ከአሸዋው ላይ ሆኖ ተናገረ።

«አይዞህ ልጄ። ክንድህን እዚያ ከሚዞረው ዘንግ ላይ አሳርፍ። ሲገፋህ ተገፋ፣ ሲለቅህ ተመለስ። አትታገለው። ሥራው ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።»

አዲሱም እንደተነገረው ክንዱን አሳረፈ። ብሎኑን አጠበቁ፣ ቧንቧውንና ፊልትሮውን መለሱ። አየነው ቁልፉን አዞረ። ድርርር አለ፣ አልነሣም!

«ምነው? አዲስ ፖምፓ፣ ሙሉ ሰልባትዮ፣ ንጹሕ ፊልትሮ! ከዚህ ወዲያ ምን ልስጥሽ?» አለ አየነው፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ነፋስ አሁንም ከውስጥ ሆኖ «አይዞሽ፣ አለሁልሽ፣ ነፍስ እየዘራሁብሽ ነው» ይላል።

አሮጊቷ ኤሊ አንገቷን ሰበቀች። «እህቴ አዝጋሚት፣ ሁሉም ስለ አንቺ አወራ፣ አንቺን የጠየቀ የለም። ምን ይሰማሻል?»

አዝጋሚትም በተቆራረጠ ድምፅ መለሰች። «ሁለት… ጉሮሮ… አለኝ። አንዱ የነፋስ፣ አንዱ የናፍጣ። በናፍጣው ጉሮሮ… ነፋስ…»

ደብሪቱ ጭንቅላቷን ያዘች። «ትን ብሏታል! አየነው፣ ትን ብሏታል እኮ! እኛን ውኃ በትንፋሻችን ጉሮሮ ሲገባ ትን ይለናል። እሷን ደግሞ ትንፋሽ በውኃዋ ጉሮሮ ገብቶ ትን አላት!»

እስቲ አስቡት ወገኖቼ። ነፋስ፣ ለዚህ ሁሉ ፍጥረት ነፍስ የሆነው ነፋስ፣ ያለ ቦታው ቢገባ ማነቂያ ሆነ። በክፋት አይደለም። በፍቅር ነው ያነቃት።

አየነው ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ብሎን ላላ አደረገ። ደብሪቱ ናፍጣ በእጅ የሚገፋበትን የአዲሱን ፖምፓ ምላስ በአውራ ጣቷ ትጫን ጀመር። ቡልቅ አለ፣ አረፋ ወጣ።

«ውጣ ነፋስ» አለች።

«ለምን እወጣለሁ? ነፍስ ነኝ እኮ!»

ደግማ ተጫነች። ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«ውጣ ነፋስ!»

«ወዳጇ ነኝ እኮ! ወጥቼስ የት ልሂድ?»

«ነፍስነትህን ማን ካደ? ወዳጅም ነህ። ግን በቀዳዳ ገባህባት። ውጣና በበርህ ተመልሰህ ግባ። በላይኛው ጉሮሮ ግባ፤ እሱ ላንተ ነው የተሠራው።»

ነፋስም እያፈረ፣ ኩፍ ኩፍ እያለ፣ በአረፋ በአረፋው ወጣ። የመጨረሻዋ አረፋ ፈነዳችና ናፍጣው እንደ ወለላ ጠርቶ ወረደ። አየነው ብሎኑን አጠበቀ።

«ኩኩሉ!» አለ ወንዙ። ሦስተኛው ነው። አሁን የሚሰማው ድምፁ ብቻ አይደለም፤ የሚገላብጠው ድንጋይ፣ የሚሰብረው ግንድ ይሰማል።

አዝጋሚት አልመለሰችም። ደብሪቱ ቁልፉን አዞረች። ነፋስ በላይኛው ጉሮሮ ገባ፣ ናፍጣ በታችኛው ጉሮሮ ገባ። ሁለቱ በጨለማው ሆድ ውስጥ ተገናኙ፣ ተጨናነቁ። ክብሪት የጫረ የለም፣ ፍም ያቀበለ የለም፣ እሳት ግን ተወለደ። ከነፋስና ከናፍጣ እሳት ተወለደ! ምድሪቱ ነዘረች፣ ማንቆርቆሪያዎቹ በየሚስማራቸው አጨበጨቡ፣ አየነው ባርኔጣውን አወለቀ። ኤሊ ዓይኗ እንባ ሞላ።

አዝጋሚትም ባለ በሌለ ድምፅዋ ጮኸች።

«ነግቷል!»

ጎማዋ አሸዋውን ቆረጠ። አየነው ሊዘል እግሩን ደረጃው ላይ ካደረገ በኋላ ተመልሶ ሮጠ፤ ኤሊን በአንድ እጁ፣ አሮጌውን ፖምፓ በሌላው አፍሶ ዘለለ። አዝጋሚት የኋላ ጎማዋ ዳሩን ሲረግጥ ወንዙ ከነግንዱ፣ ከነድንጋዩ መጥቶ የቆሙበትን ቦታ ዋጠው።

«የታላችሁ?» አለ ወንዙ። ከቋጥኙ ሥር አየ፣ ከአሸዋው ውስጥ አየ፣ ማንንም አላገኘም። እስከ ዛሬ ድረስ እየፈለጋቸው ቁልቁል ይወርዳል።

ደብሪቱ አዲሱ የተጠቀለለበትን ነጠላ ዘረጋችና አሮጌውን ፖምፓ ጠቀለለችበት።

«አትጥይኝም?» አለ።

«የተቀደደው ቆዳህ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ከተማ ስንደርስ ቆዳህን እናስለውጣለን። እስከዚያ አልጋው ሥር ተኛ። ሁለተኛ ሲያምህ ግን ተናገር።»

ኤሊ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ዛፍና ተራራ ወደ ኋላ ሲሮጥ እያየች እንዲህ አለች፦ «ዕድሜዬን ሙሉ ቤት ተሸከምኩ። ዛሬ ቤት ተሸከመኝ።»

ነፋስም መጋረጃውን እያውለበለበ፣ በበሩ እየገባ በበሩ እየወጣ፣ አብሯቸው ሄደ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ናፍጣ የነካው እጄን አብሱልኝ። ይቺን ግን ለራሳችሁ አስቀሩ፦ በበር የገባ ነፋስ ነፍስ ይሆናል፤ በቀዳዳ የገባ ነፋስ ነፍስ ያወጣል።