ቦታው ላይ የቆመው ዘበኛ

አንድ የባንክ ዘበኛ ነበረ።

ጥያቄሽን ሰምቻለሁ ትርሲት፤ ሁለት ጊዜ አትድገሚልኝ። በምትሠሪበት መደብር ካሜራውን ከሽያጭ ማሽኑ ጋር አያይዘውታል፤ የጠፋው ዕቃም በሥራ ባልደረባሽ ላይ ተላክኳል። እሷ እንዳልወሰደች በዓይንሽ አይተሻል። ብትናገሪ ግን ያንቺም ሥራ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊታይ ነው፤ አንቺም ከደንብ ውጪ ያሳለፍሻት አንዳንድ ነገር አለችሽ። «ዝም ብል ምን አለበት? እኔ ያጠፋሁት የለም፤ ያላጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ነው ያልሽኝ። እንግዲህ የዚህን ዘበኛ ነገር ስሚና ራስሽ ፍረጂ።

ሰውየው በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ባንክ በር ላይ ነበር የሚቆመው። ሃምሳውን አልፏል፤ ሰውነቱ ደረቅ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ከበሩ በስተቀኝ ካርድ እየከተቱ ገንዘብ የሚያወጡበት ማሽን አለ፤ ከማሽኑ በላይ ደግሞ ካሜራ ተሰቅሏል። በየወሩ ጡረታ ሲገባ የከተማው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወደዚያ ማሽን ይመጣሉ። ጽሑፉ ይደቅባቸዋል፤ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ማሽኑ ካርዱን ይውጠዋል፤ የተዋጠውን ለማስመለስ ደግሞ ሳምንት ሙሉ መመላለስ ነው። ስለዚህ ካርዳቸውን ለዘበኛው ይሰጡታል፤ የምስጢር ቁጥራቸውንም ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው ይነግሩታል።

አሥራ አንድ ነበሩ። የአሥራ አንዱንም ቁጥር በቃሉ ያውቃል፤ ለሚስቱ እንኳ ተንፍሶ አያውቅም። ገንዘቡን መዳፋቸው ላይ ቆጥሮ ያስረክባል፣ ካርዱን ይመልሳል፣ የሻይ እንኳ አይቀበልም። የባንኩ ደንብ ዘበኛ የደንበኛ ካርድ እንዳይነካ ይከለክላል። ይህንንም ያውቃል። እያወቀ የሚረዳቸው ሌላ የሚረዳቸው ስላልነበረ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት፣ ሥራ አስኪያጇ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበች። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ቴክኒሽያን መጥቶ ነበርና እሱ አስረዳ። ካሁን በኋላ ገንዘብ በወጣ ቁጥር ያወጣው ሰው መልክ ከካርዱ ጋር አብሮ ይመዘገባል። ካርዱና መልኩ ከተገጣጠሙ ማሽኑ «ትክክል» ብሎ ይጽፋል፤ ካልተገጣጠሙ ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ያሉ መርማሪዎች ፊት ይቀርባል።

ዘበኛው ከኋላ ሆኖ እጁን አወጣ።

«ያለፈውስ?» አለ።

«ያለፈው ሦስት ወርም ተቀምጧል። ቀስ እያለ እሱንም ይገጣጥመዋል» አለው ቴክኒሽያኑ።

ሥራ አስኪያጇ ፈገግ ብላ፣ «ምነው ጋሼ፣ ያላጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል?» አለችው። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ሳቀ ስልሽ ጥርሱን አሳየ ማለቴ ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል አልወርድልህ አለው። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ሆዴን ነው» ይላታል። በልቡ የሚያሰላስለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ፊት፣ አሥራ አንድ ካርድ። ይህን ያየ ሰው ሌባ ከማለት በቀር ምን ይላል? መርማሪው ሩቅ አገር ተቀምጦ እነዚያን ሽማግሌዎች የት አውቆ ይጠይቃቸዋል? ሥራው ቢቀር ይቅር፤ እስር ቤቱ ነው የታየው። በሩ ላይ ሲቆም ካሜራው እንዳያየው ቆቡን ወደ ግንባሩ ያወርዳል። ደግሞ ቆቡን ያወረደ ሰው ሌባ እንደሚመስል ትዝ ሲለው መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ቆቡን ሲያወርድና ሲያነሣ ይውላል።

የጡረታው ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወትሮው ካርዳቸውን ይዘው መጡ። እሱም ዓይናቸውን ሳያይ፣ «ዛሬ ማሽን አልነካም፤ ወደ ውስጥ ግቡ» አላቸው። እያጉረመረሙ ገብተው ረጅሙን ሰልፍ ያዙ። ሁሉም ገብተው ሲያበቁ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ መጣች። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሰውን የምታውቀው በድምፁ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ከጡረታዋ ጥቂት ብቻ እያወጣች የቀረውን ባንክ ውስጥ ትተዋለች፤ ሞራውን የምታስገፍፍበት ነው።

«ልጄ፣ አምስት መቶ ብቻ አውጣልኝ። የቀረውን እንዳትነካብኝ፤ የዓይኔ ነው» አለችው።

«ዛሬ አልችልም እማማ። ወደ ውስጥ ይግቡ።»

«ሰልፍ ላይ የሚያቆም ጉልበት የት አለኝ? ምነው፣ ምን አስቀየምኩህ?»

ቆቡን ወደ ግንባሩ አወረደ። ያን ጊዜ ከኋላዋ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ጠጋ አለና፣ «ይምጡ እማማ፣ እኔ ልርዳዎት» አላት።

ሰውየው አሮጊቷን በትከሻዋ ይዞ ከካሜራው ፊት ለፊት አቆማት። «ከዚህ ፈቀቅ እንዳይሉ» አላት። እሱ ግን ወደ ጎን ሆኖ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ እጁን ብቻ ዘረጋ። እሷም ቁጥሯን ጮክ ብላ ነገረችው። ዘበኛው የማሽኑን ድምፅ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ገንዘብ ሲያወጣ አንድ ጊዜ ያንኮራኩራል። አንኮራኮረ፤ ከዚያ ደግሞ አንኮራኮረ፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ሰውየው ገንዘቡን ወደ ኮቱ ኪስ እየከተተ ለአሮጊቷ አምስት መቶ ብር መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

ዘበኛው ይህን ሁሉ በአምስት እርምጃ ርቀት ቆሞ አየ። እግሩ ተነሣ። ቀና ሲል ካሜራውን አየው። ብጮህ ነገሩ ይጣራል፤ ነገሩ ከተጣራ ፊልሙ ይከፈታል፤ ፊልሙ ከተከፈተ የእኔም ሦስት ወር ይወጣል አለ በልቡ። የተነሣው እግሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሱፍ የለበሰው ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ፣ «ደህና ይዋሉ ጋሼ» አለው።

«ደህና ዋል» ብሎ መለሰለት። አሮጊቷ ደግሞ ከወዲያ ሆና ሌባውን ትመርቃለች።

በዘጠነኛው ቀን ዘበኛውን ጠሩት። ሥራ አስኪያጇና ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ መርማሪ ተቀምጠዋል፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የእሱ ፊት ከአሥራ አንድ ስም ጋር ተደርድሯል። የፈራው መጣ። አንድ ባንድ ተናገረ። መርማሪው ግን ደህና ሰው ነበርና ሽማግሌዎቹን አስጠራ። እነሱም እየገቡ «ካርዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችብኝም» እያሉ መሰከሩ። በመጨረሻ አሮጊቷ በጎረቤቷ ክንድ ተደግፋ ገባች።

«እሱን ነው የምትጠይቁት? እሱ ነው እኮ የዓይኔን ገንዘብ ሰባት ወር የጠበቀልኝ» አለች። «ባለፈው እንኳ እሱ ስላልተመቸው ሌላ ደግ ሰው ነው የረዳኝ።»

መርማሪው ፋይሉን አጠፈ። «ደንብ ስለጣስክ ማስጠንቀቂያ ይሰጥሃል። ሌላ ጥፋት የለብህም፤ ወደ ሥራህ ተመለስ» አለው።

ዘበኛው አልተነሣም።

«ያለፈውን የጡረታ ቀን ክፈቱልኝ» አለ።

ከፈቱት። የአሮጊቷ ካርድ፣ የአሮጊቷ ፊት፤ ከአጠገቡ «ትክክል» የሚል ተጽፏል። አራት ጊዜ ወጥቷል፤ አራቱም ትክክል። ከወዲህ በኩል ዘበኛው ቦታው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል፤ ያን ቀን ማንንም አልነካም፣ ምንም ደንብ አልጣሰም።

«እዚህ ላይ ምን ጥፋት አለ?» አለው መርማሪው።

«ከጎን ያለውን እጅ ተመልከቱ።»

ተመለከቱ። የሚታየው የኮት እጅጌ ጫፍ ብቻ ነው። የማን እንደሆነ ማንም ሊያውቀው አይችልም። አሮጊቷ ፊቷን ወደ ዘበኛው ድምፅ አዙራ፣ «ምን አገኛችሁ? የዓይኔ ገንዘብ አለ አይደል ልጄ?» አለችው።

ያን ጊዜ ዘበኛው ፈራ። ቆቡን ሲያወርድና ሲያነሣ የነበረው ፍርሃት ከዚህ አንጻር የልጆች ጨዋታ ነበር። ያኔ እሱን የሚያየው ካሜራ ነበር ያስፈራው። አሁን ግን ጥፋቱን ያየበት የለም፤ የሚከሰው፣ የሚቀጣው፣ ቀጥቶም የሚለቀው ሰው የለም። መዝገቡ ንጹሕ ነህ ይለዋል፤ እሱ ደግሞ የማሽኑን ድምፅ ይሰማል፣ አራት ጊዜ። ይህን ስነግርሽ እኔንም ሰውነቴን ይነዝረኛል።

ትርሲት፣ ዘበኛው አንቺ ነሽ። አሮጊቷ ባልደረባሽ ናት። የመደብራችሁ ካሜራ እጅን ከደረሰኝ ጋር ያያይዛል፤ ከዚያ በላይ አያውቅም። የቆምሽበትን ቦታ ከምታውቂው ነገር ጋር የሚያያይዝ ማሽን ግን የለም፤ እሱን የምታያይዢው አንቺው ነሽ፣ ዕድሜ ልክሽን። ብትናገሪ ምናልባት ይመረምሩሻል፤ ማስጠንቀቂያም ይጽፉብሽ ይሆናል፤ አይጽፉብሽም ብዬ አልዋሽሽም። ዝም ብትዪ ግን ካንቺ ስም አጠገብ «ትክክል» ብለው ይጽፉልሻል። ላንቺ የምፈራልሽ ይህንን ነው።

ባልደረባሽን ነገ ጠዋት ለፖሊስ ያስረክቧታል ብለሽኝ አልነበር? መደብሩ የሚዘጋው ደግሞ ማታ አንድ ሰዓት ነው። በይ ተነሺ፤ አሁን ብትሄጂ ትደርሻለሽ።