ጅብ ሳይበላት ሐሳብ የበላት አህያ

አንድ ጊዜ በአንድ ደብር ቅጥር ውስጥ፣ ጅብ ሳይበላት ሐሳብ የጨረሳት ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ሥራዋ ከዘበኛው ከጋሽ ደምለው ጋር ወንዝ እየወረደች ለደብሩ ውኃ ማመላለስ ነው። ግቢው ሣሩ ለምለም፣ ጥላው የወይራ። ታዲያ ምን ጎደለባት ትሉ ይሆናል። ምንም! ግን ሁለቴ ትጎርስና ቀና ትላለች፤ ሄዳ የድንጋዩን ካብ በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ ታደርጋለች፤ አለመነቃነቁን አይታ ተመልሳ ሁለቴ ትጎርሳለች። ጅብ ድምፄን ይሰማል ብላ ማናፋት እንኳ ትታለች። እስቲ የማታናፋ አህያ ማን አይቶ ያውቃል? ጎድኗ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ጋሽ ደምለው ታማለች ብለው ጠበል ሁሉ ረጭተውባታል።

ያን ዓመት ሁዳዴ ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፣ የሚጣል አጥንት ጠፋ። ሰው ወዶ ሲጾም አያ ጅቦ ሳይወድ ጾመ። ይህን ጊዜ ቀበሮ መላ ይዞ መጣ፤ እሱም ቢሆን ለትራፊው ብሎ እንጂ ለጅብ አዝኖ አይደለም። ጅብ ግቢው ውስጥ መግባት አይሞክራትም፤ አምና ገብቶ የጋሽ ደምለውን ሽመል ቀምሷል። ስለዚህ አህያዋ ራሷ ትውጣ አለ ቀበሮ። ፈሪ ናት፤ በፊት ለፊት መጣብሽ ካሏት በኋላው በር ትፈረጥጣለች። የጅብ ድርሻ ከኋላው በር ደጅ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ማድፈጥ ብቻ ነው። ቀበሮ የወዳጁን ጭንቅላት ስለሚያውቅ ነገሩን አሳጠረለት።

«አያ ጅቦ፣ ማን ነህ ምን ነህ ብለህ እንዳትጠይቅ። ከበሩ መጀመሪያ የወጣውን ያዝ።»

ጅብ እንዳይረሳው «መጀመሪያ የወጣውን፣ መጀመሪያ የወጣውን» ሲል አረፈደ።

በዚያው ጠዋት ዳለቻ እንደ ልማዷ ካቡን ስትዞር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሥር የምትኖረው አሮጊቷ ርግብ አየቻትና አንጀቷን በላቻት። ወርዳ ካቡ ላይ አረፈች።

«ልጄ፣ ይህን ካብ የካብሽው አንቺ ነሽ?»

ዳለቻ አይደለሁም አለች።

«ቤቱስ የማን ነው?»

«የእግዚአብሔር ነዋ።»

«እንግዲያ አንቺ ውኃሽን አመላልሺ፤ ጥበቃውን ለባለቤቱ ተይለት።»

ዳለቻ ግን ጅብ እኮ አለ፣ የፈጠራ ወሬ አይደለም ብላ ተከራከረች። ርግብ አልካደችም።

«ጭልፊትስ የለም? ቀኑን ሙሉ ከላይ ያየኛል። እኔ ግን ሲመሽ ራሴን ክንፌ ሥር አግብቼ እተኛለሁ። ባለቤቱ ነቅቶ ሳለ እኔ ደግሞ ነቅቼ ምን ልጨምርለት?»

ይህች ነገር ዳለቻን ልቧ ድረስ ዘለቀቻት። አንገቷን ደፋችና «ጌታዬ፣ ካቡንም ጅቡንም ላንተ ሰጥቻለሁ» አለች። ከዚያ ሣሯን ጀመረች። ሁለቴ ጎረሰች፤ ሦስተኛም ጎረሰች። ሣሩ ለካ ጣፋጭ ኖሯል! ጠግባ ከወይራው ሥር ጋደም ስትል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለላት።

ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ገባ። ሕዝቡ ሁሉ ውስጥ ነው፤ ግቢው ጭር ብሏል። ቀበሮ በፊት ለፊቱ በር እያለከለከ ደረሰ።

«እመት ዳለቻ፣ አለቀልሽ! ጅብ በዚህ በኩል እየገባ ነው። በኋላው በር አምልጪ!»

ዳለቻ ከተጋደመችበት ብድግ አለች። ዓይኗ ወደ ኋላው በር ሄደ፤ አንድ እግሯም ተነሣ። ግን የጠዋቱ ነገር ትዝ አላትና እግሯን መልሳ አሳረፈች።

«እኔ ጥበቃውን ዛሬ አስረክቤያለሁ» አለችው። «ለባለቤቱ ንገረው።»

ቀበሮ ለመነ፣ በእናቱ አጥንት ማለ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። እንዲያውም መፍራቷ እንደ ቀረ ስታውቅ ደስታው አላስችል አላትና፣ ስንት ዘመን አፍና የያዘችውን ማናፋት ለቀቀችው። ውስጥ የሚያነበው ዲያቆን መስመር ሳተ። ደጀ ሰላሙ ላይ ያንጎላጁ የነበሩት ጋሽ ደምለው ሽመላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ቀበሮ ፊት ለፊቱ ተዘጋበትና፣ ደጁ ማን እንዳለ ረስቶ በኋላው በር ተፈተለከ።

ጅብ ዓይኑን ጨፍኖ ላፍ! የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ የኛው ጅራት ነከሰ።

«ልቀቀኝ፣ እኔ ነኝ!» አለ ቀበሮ።

«ማን ነህ ብለህ እንዳትጠይቅ ብለኸኛል» አለ ጅብ አፉ እንደ ሞላ።

ለመናገር አፉን ሲከፍት ቀበሮ ግማሽ ጅራቱን ትቶ አመለጠ። ጅብም ጋሽ ደምለው ሳይደርሱበት ፀጉሩን እየተፋ ጫካ ገባ።

ዳለቻ ይህን ሁሉ አላየችም፤ ወደ ሣሯ ተመልሳለች። ፋሲካ ሲደርስ ወገቧ ሞልቶ፣ ጠዋት ጠዋት እያናፋች ደብሩን የምትቀሰቅሰው እሷ ሆነች። ጋሽ ደምለው የረጨሁት ጠበል ሠራ እያሉ ያወራሉ። ርግብ ትሰማለች፤ ትስቃለች፤ አላበላሸችባቸውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ጠላት የሚያደፍጠው ደንግጠን በምንሮጥበት በር ስለሆነ፣ ሥራውን እየሠራ ጥበቃውን ለእግዚአብሔር ያስረከበ ሰው፣ ጅብ ከደጁ ባይጠፋም እንኳ እንጀራውን በሰላም እንደሚበላ ነው።