ከስር የደረቀው ሲሚንቶ

አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነበረ። ልጅ ሳለ የአባቱ ሱቅ ዓይኑ እያየ ተቃጥሎ ስለ ነበር፣ ክብሪት ሲጫር እንኳ ይሰቀጥጠዋል። የራሱን ሱቅ የከፈተው ክረምት ከበጋ አሸዋ ብቻ በሚታይበት ወንዝ ዳር ነው።

የኢንሹራንስ ሠራተኛው መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ለእሳት ብቻ ነው ወይስ ለጎርፍም?» ቢለው ሳቀ። «ጎርፍ? የምንጠጣው እንኳ በቦቴ ነው የሚመጣልን!» አለና ለእሳት ብቻ ፈረመ።

እሳቱ ግን ከልቡ አልወጣም። ሲሚንቶው የተቀመጠበትን የእንጨት ርብራብ አየና፣ «ይኼማ ማገዶ ነው» ብሎ አስወጣው፤ ከረጢቱን ሁሉ ባዶ ወለል ላይ ደረደረ።

ብዙም ሳይቆይ ከስር ያሉት ከረጢቶች ድንጋይ ሆኑ። ዝናብ የለ፣ ጣራው አያፈስ። ቢቀይራቸው አዲሶቹም ደረቁ። ሚስማሩ በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ አላበው። ጆሮውን ወለሉ ላይ ሲያስጠጋ፣ አንድ ነገር ከታች እየተጎተተ የሚያልፍ መሰለው።

ገበያተኞች፣ «ድንጋይ በኩንታል መሸጥ ጀመርክ እንዴ?» እያሉ ቀለዱበት። ሚስቱ ግን አልሳቀችም።

«አንተ ሰው፣ ይህ መሬት የወንዙ ነው፤ የዱሮ መንገዱ በእኛ ሱቅ ነበር አሉ። እባክህ ለጎርፉም ግባ» አለችው።

እሱ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ቀዘቀዘው፤ ደስም አለው። «እንዲህ የቀዘቀዘ ነገር አይነድም» አለ።

አንድ ቀን ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ወፎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ዝም አሉ። ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም፤ ደጋው ላይ ግን ሲዘንብ አድሯል። ደራሽ ውሃው ከመድረሱ በፊት ወለሉ እንደ ደረት ከፍ አለና ተሰንጥቆ ጭቃ ተፋ። ሰውዬው ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ወጣ። ሱቁን ደራሹ ይዞት ሄደ። ካሣ ሊጠይቅ ቢሄድ፣ «የቱ ነው የተቃጠለው?» አሉት።

ልጄ፣ «እማዬ፣ ለሱቄ የትኛውን ኢንሹራንስ ልግባ?» አልሽኝ። የወረቀቱን ነገር እኔ አላውቅም። ያን ሰው ግን ሞኝ ነበር አትበዪ፤ የፈራው እውነት ነው፣ የትናንት ሆነበት እንጂ። አንቺም ሌባ አንዴ ስላስለቀሰሽ ለሌባ ብቻ ልትፈርሚ ነው። እግዚአብሔር ይጠብቅሻል፤ የሚያሳይሽን ማየት ግን የአንቺ ፈንታ ነው። ከሱቅሽ ጣራ በላይ ያለው የመብራት ገመድ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ሲያጉረመርም ሰምቼዋለሁ። ለሌባው ግቢ፤ ለእሳቱም ሳትገቢ ግን ከኢንሹራንሱ ቢሮ እንዳትመለሺ።