ደረጃውን የጠበቀ መንገድ

ተረት ተረት፣ የዳገት ደረት።

ፍየል ገዢ ሆኖ ተሾመና ወደ ችሎቱ የሚያወጣውን መንገድ በድንጋይ ደረጃ አሠራው። «ደረጃውን የጠበቀ መንገድ ነው፤ የከፋው እላይ መጥቶ አቤት ይበል» ብሎ አስነገረ። ኤሊ አዋጁን ከታች ሆና ሰማች። እላይ ግን ማንም አልመጣም፤ ፍየልም ሁሉም የተመቸው መሰለው።

አንድ ቀን ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ ኤሊን ከመጀመሪያው ደረጃ ሥር አገኛት።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ደረጃውን እጠብቃለሁ፣ ጌታዬ። ክሴ በእሱ ላይ ነበር፤ እሱው አላሳልፍ አለኝ።»

ፍየል ጢሙን አኘከ። ሳይውል ሳያድር ከደረጃው ጎን አፈር አስደልድሎ ዘቅዘቅ ያለ መንገድ አወጣ።

ኤሊ እፎይ ብላ ልትወጣ ብትነሳ፣ አንዲት እርጉዝ አህያና አንድ አንካሳ በሬ ቀድመዋት ተሰልፈዋል።

«እናንተም?» አለች።

«እኛማ ደረጃው ሲያቅተን ጥፋቱ የራሳችን መስሎን ነበር» አለች አህያ።

ኤሊም ደስ እያላት ተራዋን ጠበቀች።

ተረቴን መልሱ፣ ቀስ ብላችሁ ድረሱ።