ከጎማው ሥር ያለው ድንጋይ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ብርድ እንዳይመታችሁ። ጊዜው ክረምቱ ወጥቶ መኪና ሁሉ ለዓመታዊ ምርመራ የሚሰለፍበት ነው። አንዲት ጎመን ነጋዴ ያረጀች ፒካፕ ነበረቻት። ፒካፗ ምርመራውን ካላለፈች ቦሎ የለም፤ ቦሎ ከሌለ ደግሞ ገበያ መውጣት የለም፣ የልጆቿ ጉሮሮ ይዘጋል።

የምርመራው ግቢ ተዳፋት ነውና ሴትዮዋ መኪናዋን አቁማ፣ እንደ ልማዷ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀች። ዋናው መርማሪ አቶ ድንበሩ፣ እኚያ ደረታቸውን ነፍተው የሚሄዱት፣ ይህን አዩና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮኹ።

«ያዝኩሽ! የእጅ ፍሬንሽ ደህና ከሆነ ድንጋዩ ምን ይሠራል? መልስ ከሌለሽ መኪናሽን ይዘሽ ውጪልኝ!»

የሴትዮዋ ምላስ ግን መቼ ፈርቶ ያውቃል!

«ጌታዬ፣ የዚህ ግቢ በር ቁልፍ አለው?»

«አለው እንጂ!»

«ታዲያ ዘበኛ ያቆማችሁበት ቁልፉ ተበላሽቶ ነው?»

መጀመሪያ የሳቀው ዘበኛው ነው፤ ከዚያ ሰልፉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። አቶ ድንበሩም እየሳቁ ድንጋዩን በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

ቦሎው ተለጠፈ። አቶ ድንበሩ የሴትዮዋ የጎመን ደንበኛ ሆኑ፤ ፒካፗም ልጆቹን አሳድጋ ጡረታ ወጣች።