የቀኙ ስፖኪዮ

ሌቦች የአንድ ምላሰኛ ሹፌር መኪና በር ፈልቅቀው ቴፑን ወሰዱ፤ የቀኙንም ስፖኪዮ ነቅለው ሄዱ። ሹፌሩ ካሳ ሊጠይቅ የኢንሹራንሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ልሳነወርቅ ቢሮ ገባ።

«በሩን እናስጠግናለን» አሉት። «ስፖኪዮው ግን የታርጋ ቁጥርህ ካልተቀረጸበት አይመለከተንም።»

«መስታወቱ ላይ ተቀርጿል ጌታዬ።»

«በምን አውቃለሁ? ማስረጃ አምጣ። ደግሞ ሰው ራሱን ይቻል እንጂ። የእኔም ባለፈው ሳምንት ተሰርቆ፣ ማንንም ሳላስቸግር ከአሮጌ ዕቃ ተራ በርካሽ ገዝቼ አስገጠምኩ።»

ሹፌሩ በመስኮቱ ቁልቁል ግቢው ውስጥ የቆመውን የሥራ አስኪያጁን መኪና አየ። ሲገባ በአጠገቡ አልፎ ነበር።

«ማስረጃውንስ አይቼው ነው የመጣሁት» አለ ረጋ ብሎ። «ዛሬ ወደ ቤትዎ ሲነዱ በቀኙ ስፖኪዮ ኋላዎን ይመልከቱ። የእኔ ታርጋ እስከ ደጃፍዎ ሲከተልዎት ያገኙታል።»